ጃኩ ገባ ማለት ገጠመ ማለት አይደለም

በጥር ወር ቅዳሜ ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ቆም ብላችሁ መንገዱን ብታዩ፣ ስፒከር የጫነ መኪና ማየታችሁ አይቀርም። ሰርግ ነው። አንዱ ወደ አንኮበር ይሄዳል። ሌላው በጣርማ በር አድርጎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። አንዱ ደግሞ ወደ መንዝ። እኔም ስንቱን ጥር ከነዚያ መኪኖች በአንዱ ላይ አሳልፌዋለሁ። ሚክሰሩን (የማይኩንና የመሣሪያውን ድምፅ የሚያቀላቅለውን ዕቃ) አቅፌ፣ የኬብል ከረጢቱን እግሬ ሥር አድርጌ፣ በውርጩ እየተንቀጠቀጥኩ።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት ኪቦርድ እጫወት ስለነበር ነው። ኪቦርድ የሚነካ ሰው ኬብልም ያውቃል ተብሎ ታሰበ። አላውቅም ነበር።

ወደ እነዋሪ መንገድ ላይ ባለ አንድ ሰርግ ነው ጉዱ የፈላው። ባንዱ ሳይደርስ ሙሽሮቹ ቀድመው ደረሱ። በሉ በስልክ ዘፈን ክፈቱ ተባለ። ከረጢቱን ስፈትሽ በአንድ ጫፉ የስልክ ቀጭን ጃክ፣ በሌላው የማይክ ባለ ሦስት እግር መሰኪያ ያለው ኬብል አገኘሁ። ሁለቱም በየቦታቸው ግጥም አሉ። ደስ አለኝ። ዘፈኑን ከፈትኩት። ማሲንቆው አለ፣ ጭብጨባው አለ፣ ዘፋኙ የለም። ከሩቅ ጉድጓድ ውስጥ የሚያዜም ይመስላል። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ዘፋኙን ሳትከፍሉት ነው እንዴ ያመጣችሁት?» አሉኝ።

ምክንያቱን ያወቅኩት ከሳምንታት በኋላ ነው። ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ። ለጊዜው ግን ይህችን ያዙልኝ፦ የጃክ ቅርፅ የሚነግራችሁ የትኛው ቀዳዳ ውስጥ እንደሚገባ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ነገር ማወቅ ይገባል። የሚወጣው ድምፅ ምን ያህል ጉልበት አለው? የሚሰካበት ዕቃስ ምን ያህል ይከብደዋል? የመጀመሪያው ሌቭል ይባላል። ሁለተኛው ኢምፒዳንስ።

ሹክሹክታ፣ ወግና የማዶ ጥሪ

ሦስት ዓይነት ሰው አስቡ። አንዱ ጆሮ ውስጥ ያንሾካሹካል። አንዱ እሳት ዳር ተቀምጦ ያወጋል። አንዱ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ማዶ ያለውን ሰው ይጣራል። የኤሌክትሪክ ድምፅም እንደዚሁ ነው።

ማይክ ሹክሹክታ ነው። በየመድረኩ የምታዩትን ሹር ኤስኤም 58 ውሰዱ። ከ1966 ጀምሮ ያለ ማይክ ነው (በፈረንጆቹ አቆጣጠር)። 94 ዲቢ (ዲቢ የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) የሚደርስ ድምፅ ፊቱ ቢኖር የሚያወጣው 1.85 ሚሊ ቮልት ነው። አንድ ቮልት ለአምስት መቶ ቢከፈል የአንዱን ድርሻ እንኳ አይሞላም። ሚክሰሩ ላይ ጌይን የሚባለው ቁልፍ የተፈጠረው ይህን ሹክሹክታ ወደ ወግ ለማሳደግ ነው።

ወጉ ላይን ይባላል። ኪቦርድ፣ ላፕቶፕ፣ ዲቪዲ ማጫወቻ፣ የሚክሰር መውጫ፣ ሁሉም ላይን ናቸው። ላይን ግን ሁለት ዓይነት ነው። ቀይና ነጭ ኬብል የሚገባባቸው የቤት ዕቃዎች ማይነስ 10 ዲቢቪ በሚባለው ልክ ይሠራሉ። ይህ 0.316 ቮልት ነው። የመድረክ ዕቃዎች ፕላስ 4 ዲቢዩ በሚባለው ይሠራሉ። 1.23 ቮልት ገደማ ማለት ነው። ልዩነታቸው 12 ዲቢ ያህል ነው፤ በቮልት ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል።

የማዶ ጥሪው ከአምፕ (ለስፒከር ጉልበት ከሚሰጠው ዕቃ) ወደ ስፒከር የሚሄደው ነው። 100 ዋት ወደ 8 ኦም ስፒከር ሲሄድ 28 ቮልት ይደርሳል። ከማይኩ ጋር ብታስተያዩት 15 ሺህ እጥፍ ነው። አንድ ጊዜ የአምፕን የስፒከር መውጫ ሚክሰር ላይን ውስጥ የሰካ ልጅ አይቻለሁ። ሁለቱም ወፍራሙ የጊታር ጃክ ናቸው፣ ገጠሙለት። የሚክሰሩ ያ ቻናል (መግቢያ) ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተነፈሰም።

አህያና ጭነት

ኢምፒዳንስ በኦም ይለካል። ብዙ ሰው ቁጥሩ ሲበዛ የሚከብድ ይመስለዋል። ተቃራኒው ነው። የሚቀበለው ዕቃ ጭነት ነው፤ ኦሙ ባነሰ ቁጥር ጭነቱ ይከብዳል። 4 ኦም ስፒከር ከ8 ኦም ስፒከር ይከብዳል። 10 ሺህ ኦም የሆነ የላይን መግቢያ ደግሞ ላባ ነው።

የሚልከው ዕቃ የራሱ ኦም አለው። እሱ የተሸካሚው ጉልበት ነው። እዚህም ቁጥሩ ሲያንስ ጉልበቱ ይበረታል። ከ150 እስከ 300 ኦም ያለው ማይክ በቅሎ ነው። ማሲንቆ ላይ የሚለጠፍ ፒክአፕ (ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ትንሽ ዕቃ) ግን ውርንጭላ ነው። ትንሽ ከጫናችሁበት ይተኛል።

«ኢምፒዳንሱ እኩል ካልሆነ አይሠራም» የሚል ምክር ሰምታችሁ ይሆናል። ለዛሬ ድምፅ ዕቃ አትስሙት። ይህ ከድሮው የስልክ መስመር የመጣ ነው። ያኔ 600 ኦም ከ600 ኦም ጋር ይገጠም ነበር። ረጅም መስመር ላይ በተቻለ መጠን ብዙ ኃይል ማሻገር ነበር ዓላማው። እኛ ግን የምንፈልገው ቮልቱ ሳይጎድል እንዲደርስ ነው። እኩል ስታደርጉት ግማሹ ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። 6 ዲቢ ሄደ ማለት ነው።

የዛሬው ልማድ የተቀባዩ ኦም ከላኪው ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን የሚል ነው። 150 ኦም ማይክ 1500 ኦም የማይክ መግቢያ ውስጥ ሲገባ 91 በመቶው ቮልት ይደርሳል። የጠፋው አንድ ዲቢ አይሞላም። ጆሮ አያውቀውም። ብዙ ሚክሰሮች የማይክ መግቢያቸውን ከ1500 እስከ 3000 ኦም የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

ማይክ በየትኛው ኬብል?

ምርጫው ሁለት ነው። ባለ ሦስት እግሩ ኤክስኤልአር ወይም ወፍራሙ የጊታር ጃክ። ከካራኦኬ ዕቃ ጋር የሚመጡት ማይኮች ብዙ ጊዜ ጃክ ናቸው።

ኤክስኤልአር አንዱን ድምፅ በሁለት ሽቦ ይልከዋል። አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ የተገለበጠ። ሦስተኛው መሬት (ግራውንድ) ነው። ሚክሰሩ የሁለቱን ልዩነት ይወስዳል። መንገድ ላይ ከመብራት ገመድ የገባው ጉምጉምታ ሁለቱ ሽቦዎች ላይ እኩል ስለሚያርፍ፣ ልዩነቱ ሲወሰድ ይጠፋል። ድምፁ ግን ይቀራል። ስለዚህ 50 ሜትር ብትዘረጉትም አይከፋም። 100 ሜትርም ይሄዳል።

ጃኩ አንድ ሽቦና መሬት ብቻ ነው። የገባበት ጉምጉምታ ሁሉ አብሮት ይደርሳል። 5 ሜትር ድረስ ይታገሱታል። ከዚያ በላይ ጄኔሬተር አጠገብ ካለ ድንኳን ውስጥ ባትሞክሩት ይሻላል። ማይክ ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ ከማይኩ ስም በፊት መሰኪያውን እዩ። ይህ ጥያቄ ለእኔ ክርክር የለውም፤ ኤክስኤልአር።

ገመድ አልባ ማይክ ካላችሁ የመቀበያውን ጀርባ ተመልከቱ። ብዙዎቹ ሁለት መውጫ አላቸው፤ ኤክስኤልአሩ በማይክ ልክ፣ ጃኩ በላይን ልክ። «ማይክ» እና «ላይን» የሚል መቀያየሪያ ያላቸውም አሉ። ድምፁ ተሰባብሮ ከመጣ መጀመሪያ የምነካው እሱን ነው።

ስልክና ላፕቶፕ

አሁን ወደ ጠፋው ዘፋኝ እንመለስ። ስልክ ስቴሪዮ ነው። አንዱ ሽቦ የግራውን፣ ሌላው የቀኙን ይሸከማል። ያ የእኔ ኬብል ግራውን በአንዱ እግር፣ ቀኙን በሌላው እግር ነበር የሚያስገባው። ሚክሰሩ ደግሞ እንደ ልማዱ የሁለቱን ልዩነት ወሰደ። ዘፋኝ ሲቀረፅ መሐል ይቀመጣል። ማለትም ግራና ቀኝ ላይ እኩል ነው። እኩል የሆነ ነገር ሲቀናነስ ዜሮ ነው። ጉምጉምታን የሚያጠፋው ሒሳብ ነው ዘፋኙን ያጠፋው። የተረፈው ወደ አንድ ወገን ያጋደለው መሣሪያና ማሚቶ ብቻ ነበር።

ምን ይሻላል ታዲያ? ከስልክ ወደ ሁለት የጊታር ጃክ የሚከፈል ኬብል ግዙ። ሁለት የላይን ቻናል ያዙ። ወይም ስቴሪዮ ቻናል ካለ እሱ ላይ ስኩት። ርካሽ ነው፣ አያሳፍርም። የስልኩን ቮሊዩም ወደ ላይ ጠጋ አድርጉት፣ ጌይኑን ከዚያ አስተካክሉ። ስልክ የሚያወጣው ከፍተኛው ብዙውን ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ቮልት ስለሆነ የላይን መግቢያ አይቸገርበትም።

አንድ ቻናል ብቻ ከቀራችሁ ግራና ቀኙን ዝም ብላችሁ አታቆላልፉ። ሁለቱ መውጫዎች እርስ በርስ ይገፋፋሉ። በእያንዳንዱ መንገድ ላይ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገብታችሁ ከዚያ ማገናኘት ነው። ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ብትወስዱት ቡና ተፈልቶ ሳያልቅ ይሠራላችኋል።

ብሉቱዝስ ትሉኝ ይሆናል። ለእራት ሰዓት ጥሩ ነው። ለሙሽሮች መግቢያ ግን አላምነውም። የስልኩ ባለቤት ኪሱ ከትቶት ወደ ወጥ ቤት ሲሄድ ዘፈኑም አብሮት ይሄዳል።

ሚክሰሩ በማይክ ኬብል በኩል የሚልከውን፣ ፋንተም የሚባለውን 48 ቮልትም ልብ በሉ። ኮንደንሰር ማይክ ያለሱ አይሠራም። ስልክ ወይም ኪቦርድ በኤክስኤልአር በኩል ስትሰኩ ግን መጥፋቱን አረጋግጡ። ለእነሱ የተሰናዳ ምግብ አይደለም።

ኪቦርድ

አጭር ነው። ላይን ነውና ላይን ውስጥ። ማይክ መግቢያ ላይ ከሰካችሁት ጌይኑን ዜሮ ብታደርጉትም ቀዩ መብራት ይበራል፣ ድምፁ ይሰነጠቃል። አማራጭ ከጠፋ 20 ዲቢ የሚቀንሰውን የፓድ ቁልፍ ተጫኑ። ኪቦርዱ ከሚክሰሩ ርቆ መድረክ ላይ ከሆነ ደግሞ ቀጥሎ የምነግራችሁ ዲአይ ቦክስ (የመሣሪያን ድምፅ ለማይክ መግቢያና ለኤክስኤልአር ኬብል የሚያመቻች ትንሽ ሳጥን) ያስፈልጋል።

ማሲንቆ፣ ክራርና በገና

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

አንድ ጊዜ አዝማሪ ማሲንቆው ሆድ ላይ ትንሽ ክብ ፒክአፕ ለጥፎ መጣ። ፒየዞ የሚባለው ነው፤ ሳንቲም የሚያህል ቢጫ ቆርቆሮ። ሚክሰሩ ላይን ውስጥ ሰካነው። ድምፁ እንደ ትንኝ ሆነ። ቀጭን፣ ሆድ የሌለው። እኔ ቤዙን እጨምራለሁ፣ እሱ ቅኝቱን ይፈትሻል፣ ማሲንቆው ግን ትንኝ እንደሆነ ቀረ። «ጋሼ፣ ቆዳው ረጥቦብኝ ነው መሰለኝ» አለኝ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። ቆዳውስ ደህና ነበር።

ፒየዞ ኤሌክትሪካዊ ባሕርዩ እንደ ካፓሲተር ነው፤ ኤሌክትሪክ እንደሚያጠራቅመው፣ መጠኑ በፋራድ እንደሚለካው ትንሽ ዕቃ። ከባድ ጭነት ሲጫንበት መጀመሪያ የሚጥለው ወፍራሙን ድምፅ ነው። ያቺ ሳንቲም የምታህለዋ 20 ናኖ ፋራድ ያህል ብትሆን፣ 10 ሺህ ኦም ላይን ውስጥ ስትገባ ከ800 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ) ገደማ በታች ያለው ሁሉ እየከሳ ይሄዳል። የሰው ድምፅ ዋናው አካል ከዚያ በታች ነው። ማሲንቆም ዘፋኙን የሚከተል መሣሪያ ነውና ሆዱ ያለው እዚያው ነው። ያንኑ ፒየዞ 1 ሚሊዮን ኦም መግቢያ ውስጥ ብታስገቡት መክሳቱ የሚጀምረው 8 ኸርዝ አካባቢ ነው። እሱን ጆሮ አይሰማውም። በቤዝ ቁልፍ የሚድን ነገር አልነበረም። ጭነቱ ነበር።

አማራጮቹ አራት ናቸው። በቀጥታ ላይን ውስጥ መሰካት አንዱ ነበር፤ እሱን ቀበርነው።

ሁለተኛው ሚክሰሩ ላይ «ሃይ-ዚ» ወይም «ኢንስትሩመንት» የሚል ቁልፍ ካለ እሱን መጫን ነው። ያ ቻናል ወደ 1 ሚሊዮን ኦም ይቀየራል። አነስተኛ ሚክሰሮች ላይ አንድ ወይም ሁለት ቻናል ብቻ ይህ ይኖራቸዋል። ካላችሁ ሌላ አትግዙ። ኬብሉን ግን አሳጥሩት፤ 5 ሜትር ከበቂ በላይ ነው።

ሦስተኛው ፓሲቭ ዲአይ ቦክስ ነው። ውስጡ ትራንስፎርመር አለ። ብዙዎቹ 12 ለ 1 አካባቢ የተጠመጠሙ ናቸው። ኢምፒዳንስ በካሬ ስለሚባዛ 1500 ኦም የነበረው የማይክ መግቢያ ለመሣሪያው 216 ሺህ ኦም ሆኖ ይታየዋል። ለሳንቲሟ ፒየዞ ይህ በቂ ነው፤ መክሳቱ 37 ኸርዝ አካባቢ ይጀምራል። ባትሪ አይጠይቅም። መውደቅ ይችላል። ለኪቦርድ ደግሞ የሱን ያህል የሚስማማ የለም።

አራተኛው አክቲቭ ዲአይ ነው። ባትሪ ወይም ከሚክሰሩ 48 ቮልት ይፈልጋል። መግቢያው 1 ሚሊዮን ኦምና ከዚያ በላይ ነው። ከሳንቲሟ ያነሰ ፒየዞ፣ ለምሳሌ 1 ናኖ ፋራድ ያህል የሆነ ቀጭን ዘንግ ክራሩ ድልድይ ሥር ካለ፣ ፓሲቩ እንደገና ትንኝ ያደርገዋል። ሒሳቡ 700 ኸርዝ አልፎ ይሄዳል። ያኔ አክቲቭ ግዴታ ነው።

ገንዘቤ ለአንድ ብቻ ቢበቃ አክቲቩን እገዛለሁ። ሁሉንም ይሸከማል። ግን ባትሪው በሰርግ መሐል የሚያልቅ ፍጡር ነው። ሚክሰራችሁ 48 ቮልት ከሌለው መለዋወጫ ባትሪ ኪስ ውስጥ ይኑር።

ፒክአፕን ጨርሶ ትቶ ማይክ ማቆምም አለ። ለበገና የምመርጠው ይህን ነው። የበገና ውበት ያ ንዝረቱ ነው፤ አውታሩ ድልድዩ ላይ ሲያርፍ የሚያወጣው። ፒየዞ ያንን እንደ ዝንብ ያደርገዋል። በሁዳዴ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ፣ ሕዝቡ ጸጥ ብሎ ሲቀመጥ፣ አንድ ማይክ አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ። ያምራል። ሰርግ ቤት ግን ማሲንቆን በማይክ እይዛለሁ ብትሉ ከበሮውን ነው የምትይዙት።

ከሚክሰር ወደ አምፕ

አምፑ ጀርባ ላይ ብዙ ጊዜ 0.775 ቮልት ወይም 1.4 ቮልት የሚል ጽሑፍ አለ። ሙሉ ጉልበቱን ለማውጣት የሚያስፈልገው መግቢያ ማለት ነው። ሚክሰራችሁ የመድረክ ከሆነ 1.4ን ምረጡ። «ሽሽሽ» የሚለው ድምፅ ይቀንሳል፣ ቮሊዩሙን ለማስተካከል ሰፊ ቦታ ይኖራችኋል። ከቤት ዕቃ በቀጥታ አምፕ ውስጥ ከገባችሁ 0.775 ይሻላል፤ አለዚያ ድምፁ ሰነፍ ይሆናል።

ስንት ስፒከር በአንድ አምፕ?

እዚህ ላይ የአሥር እጥፉ ወግ ይቀራል። አምፕ ራሱ የአንድ ኦም ክፋይ የሆነ ውስጣዊ ኢምፒዳንስ ስላለው፣ 4 ወይም 8 ኦም ቢጭኑትም ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ጥያቄው ከስንት በታች መውረድ አይችልም የሚለው ነው። ጀርባው ላይ «ሚኒመም 4 ኦም» ከተባለ፣ የአህያዋ ሙሉ ጭነት ያ ነው።

ሁለት 8 ኦም ስፒከር ጎን ለጎን ሲታሰሩ 4 ኦም ይሆናሉ። ሦስት ከሆኑ 2.7። አራት ከሆኑ 2። ወጥመዱ ስፒከሮቹ ጀርባ ላይ ያለው ሁለተኛ ቀዳዳ ነው። ከአንዱ ወደ አንዱ እየሰካችሁ ስትሄዱ ተከታታይ ይመስላችኋል። ውስጡ ግን ጎን ለጎን ነው የታሰረው። እኔም በአንድ ቻናል አራት ደረደርኩ። ሙሽሮቹ ሲገቡ አምፑ ቀይ አብርቶ ዝም አለ። ፕሮቴክት ገባ ማለት ነው። ደግነቱ ራሱን የሚጠብቅ አምፕ ነበር። ሁለቱን ወደ ሌላው ቻናል ባዞራቸው ኖሮ ያ ሁሉ ላብ ባልኖረ። የአምፑን ሁለት ቻናል አንድ የሚያደርገውን «ብሪጅ» የሚለውን ቁልፍ ከነካችሁ ደግሞ ጭነቱ በእጥፍ ይከብዳል። 8 ኦም ስፒከር ለእያንዳንዱ ወገን 4 ኦም ሆኖ ይታየዋል።

የስፒከር ኬብልና የጊታር ኬብልም ወንድማማች ይመስላሉ። አይደሉም። የጊታሩ ቀጭን ሽቦ ስፒከር ላይ ይግላል፣ ጉልበት ይበላል። የስፒከሩ ደግሞ መሸፈኛ ስለሌለው ማይክ ላይ ሬዲዮ ጣቢያ ይሆናል። የሚዞረውን ስፒክ-ኦን መሰኪያ የምወደው ይህን ግራ መጋባት ስለሚዘጋ ነው።

ማጉያው ሩቅ ሲሆን

አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ችግር አለብን ብሎ ጠራኝ። የእኛ ሰው ትልቅ ማጉያ ሁሉ ሞንታርቦ ይለዋል፤ ስሙ የአንድ ጣሊያን ኩባንያ ነው። የእነሱ ሞንታርቦ አራት ጥሩምባ ማጉያ (ጥሩምባ የሚመስል ስፒከር) ነበር። ግቢው ዳር፣ ዛፍ ላይ፣ ከአምፑ 100 ሜትር ያህል ርቆ የተሰቀለ። ሁሉም 8 ኦም፣ ሁሉም ጎን ለጎን የታሰሩ። ቅዳሴው ከበሩ አያልፍም። አምፑ ግን እንደ ምጣድ ይግላል። ትልቅ አምፕ ለመግዛት ገንዘብ እያሰባሰቡ ነበር።

«መምሬ፣ ገመዱ ነው የሚበላው» አልኳቸው። 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ 100 ሜትር ሄዶ ሲመለስ 2.3 ኦም ይሆናል። ለአንድ 8 ኦም ማጉያ ይህ 40 በመቶ ጉልበት ይወስዳል። አራቱ አንድ ላይ 2 ኦም ስለሆኑ፣ የሚደርሳቸው ገመዱ ባይኖር ከሚያገኙት አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ትልቁም አምፕ ቢመጣ ገመዱን ነበር የሚያሞቀው።

ለእንዲህ ያለው ቦታ ሌላ መንገድ አለ፤ የ100 ቮልት መስመር። አምፑ ቮልቱን ከፍ አድርጎ ይልካል፣ በየማጉያው ላይ ያለ ትንሽ ትራንስፎርመር መልሶ ይቀንሰዋል። ከፍተኛ ቮልት ማለት ትንሽ ከረንት ነው። ትንሽ ከረንት ገመድ አያሞቅም። የመብራት ኃይል ረጅሙን መስመር በከፍተኛ ቮልት የሚያሳልፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። አራት ባለ 20 ዋት ማጉያ በዚያው ገመድ ላይ ብታስሩ የሚጠፋው ጉልበት 4 በመቶ አይሞላም።

ሒሳቡም ቀላል ነው። ኦም መቁጠር ይቀራል፣ ዋት ትደምራላችሁ። 120 ዋት አምፕ ካላችሁ ድምሩን ከ96 ዋት አታሳልፉ። ለመተንፈሻ 20 በመቶ ተዉለት። አምስተኛ ማጉያ ቢጨመር ትራንስፎርመሩን 10 ዋት ላይ አዙራችሁ ማስገባት ነው።

ሁለቱን ማደባለቅ ግን አደጋ ነው። ትራንስፎርመር የሌለውን 8 ኦም ማጉያ 100 ቮልቱ ላይ ብትሰኩት 1250 ዋት ይጠይቃል። ወይ አምፑ ይሞታል፣ ወይ ማጉያው። በተቃራኒው ባለ 30 ዋት የ100 ቮልት ማጉያ በተራ አምፕ 20 ቮልት ላይ ቢታሰር ከአንድ ዋት ብዙም አያልፍም። ሹክ ይላል እንጂ አይናገርም። 100 ቮልት እጅም ይይዛልና ሲበራ ጫፉን አትንኩ።

ለስብከት፣ ለቅዳሴ፣ ለአዛን፣ ለትምህርት ቤት ሰልፍ ይህን ምረጡ። ለሰርግ ግን አይሆንም። ትናንሾቹ ትራንስፎርመሮች ቤዙን ይውጡታል። የቤዝ ከበሮው የእንጨት ማንኪያ ይሆናል።

አክቲቭ ስፒከር

አምፑ ውስጡ ያለ ስፒከር አሁን በዝቷል። ኦም መቁጠር አይጠይቅም። ላይን ኬብልና መብራት ይበቃዋል። ሁለት ሆናችሁ የምትሠሩና ድንኳን ከድንኳን የምትዞሩ ከሆነ እኔም ይህን እመክራለሁ። ሁለት ነገር ይከፋበታል። አንዱ የመብራት ገመድ እስከ እያንዳንዱ ስፒከር መድረስ አለበት። ሁለተኛው፣ ሲበላሽ ድምፁም አምፑም አብረው ነው የሚሄዱት። የተለያየ ከሆነ ጎረቤት ከተማ አምፕ ተውሶ ማምሸት ይቻላል።

ብዙ ቦታ መብራት ስትሰኩ ደግሞ ሌላ እንግዳ ይመጣል፤ 50 ኸርዝ የሚያጉተመትመው። ስፒከሩ ከአንድ ሶኬት፣ ኪቦርዱ ከሌላ ሶኬት ሲበላ መሬቶቹ በኬብሉ በኩል ይዞራሉ። አንዳንዱ ባለሙያ ነኝ ባይ የስፒናውን የመሬት እግር ሰብሮ ይጥላል። ጉምጉምታው ይጠፋል። ዕቃው ሲበላሽ ግን 220 ቮልቱ መውጫ አጥቶ የዘፋኙን ከንፈር ይጠብቃል። አታድርጉት። ዲአይ ቦክሱ ጎን ላይ መሬቱን የሚለያይ ትንሽ ቁልፍ አለ። የሚቆርጠው የድምፁን መሬት ብቻ ነው፤ የመብራቱ እንዳለ ይቀራል።

ሸዋ ሮቢት አንድ አዳራሽ ውስጥ ግማሽ ቀን ያን ጉምጉምታ ስናሳድድ ውለናል። ኬብል ቀየርን። ሶኬት ቀየርን። በመጨረሻ ቁልፏ ትዝ አለችኝና ተጫንኳት። ቀጭ። ጸጥ አለ። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ቀና ብሎ፣ «ምነው፣ መብራት ሄደ እንዴ?» አለኝ።